ሰርግ መስሎኝ

እናቴ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አጣብቃ «መውደቅማ ወድቋል» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። «አዎ፣ ዛሬ ረፋድ ላይ። እሷማ ደህና ናት፣ ምንም አልሆነችም። ግን የሷ እጅ አለበት እኮ! ስንት የለፋችበት ነው።»

እኔ ከልብስ መስፊያ መኪናዋ ስር ተቀምጬ ከመቀሷ የሚረግፈውን ቁራጭ ጨርቅ እለቅማለሁ። ስምንት ዓመቴ ነው። በዚያን ጊዜ በእኛ ቤት ሊወድቅ የሚችል ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የእህቴ ፕሮጀክት።

እህቴን እታለም ነው የምላት። ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ታጠናለች፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። መኝታ ክፍላችን የሁለታችን ነው ይባል እንጂ የሷ ነበር። ጠረጴዛዋ ከፈረሰ ቤት የመጣ አሮጌ በር ነው፤ የቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ እርሳሶቿን ትሰካለች። ምላጭ፣ ማጣበቂያ፣ ካርቶን፣ የተጠቀለለ ወረቀት በየቦታው ነው። ሌላው ልጅ ካልሲውን በሚያስቀምጥበት አልጋ ስር፣ እኔ ሁለት ክሊኒክ፣ አንድ ቤተ መጻሕፍትና ጣሪያ የሌለው አውቶቡስ ጣቢያ አስቀምጬ አድጌያለሁ።

መንፈቁ ባለቀ ቁጥር «ነገ ዳኞች ፊት እቀርባለሁ» ትላለች። አስተማሪዎቿን ማለቷ ነበር፤ ሥራቸውን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ይቆሙና መምህራኑ እየዞሩ ይጠይቋቸዋል። እኔ ግን እህቴ በየመንፈቁ ፍርድ ቤት የምትመላለስ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ሞዴሏን በአንድ እጇ፣ ጣሪያውን በሌላው እጇ ይዛ ተመለሰች። «ምን ሆነ?» አለች እማዬ።

«አንዱ መምህር ጣሪያውን እንደ ድስት ክዳን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየና ‹ገና አልበሰለም› ብሎኝ ሄደ።»

እማዬ እስኪያማት ሳቀች። እታለም ግን ስቃ ስቃ ስታበቃ አለቀሰች። «ይኼ ፕሮጀክት ከወደቀ እኔም አብሬው ወደቅኩ» አለችኝ። እንግዲህ «ወድቋል» የሚለውን ቃል የተማርኩት ከዚያ ነው።

ለመመረቅ የቀራት አንድ መንፈቅ ቢሮ ገብቶ መሥራት ነበር። አባዬ የመጋዘን ኃላፊ ነው፤ አሠሪው ደግሞ አብሮ አደጉ። አብረው እረፍት ሰዓት ላይ ኳስ ሲራገጡ ያደጉ፣ ከዚያ አንዱ ኢንጂነር፣ አንዱ የሱ የሲሚንቶና የሚስማር ጠባቂ የሆኑ ሰዎች ናቸው። እኛ ቤት ትልቁ ኢንጂነር ይባላሉ። ቢሯቸው ቤት ይነድፋል፣ ያስገነባልም። ልጃቸውም እዚያው ይሠራልና እሱን ትንሹ ኢንጂነር እንለዋለን፤ ሲራመድ ትከሻው ቀድሞት የሚሄድ ረጅም ቀጭን ልጅ ነው። አባዬ አንድ ቀን ሸሚዙን አስተኩሶ ሄዶ «ልጄን ተቀበልልኝ» አላቸው። ተቀበሉለት።

በነዚያ ሳምንታት የእታለም እግር መሬት አልነካ ብሎ ነበር። «ትናንት በእርሳስ ያሰመርኩት ላይ ዛሬ ጡብ ተደርድሮ አየሁ!» ትላለች ገና ጫማዋን ሳታወልቅ። ሱቅ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነበር የሚሠሩት። ግንባታው ላይ ውሃ የምታመላልስ ሴት ነበረች፤ እህቴን «የኛ ኢንጂነር» እያለች ትጠራታለች። «ኧረ እኔ ገና ተማሪ ነኝ» ብትላት «ራስሽ ላይ ቆብ ካለሽ ኢንጂነር ነሽ። እኔን እይኝ፣ ራሴ ላይ ያለው ባልዲ ነው» አለቻት። እታለም ይህን ስታወራ የሴትየዋን አካሄድ እያስመሰለች ነበር፤ እኔም ትራስ ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ቤቱን ስዞር ዋልኩ። ለኔ ባለባልዲዋ ሆነች። ማታ ማታ «ዛሬስ ባለባልዲዋ ምን አለች?» ብዬ ሳልጠይቅ አልተኛም።

ያን የስልክ ቀን እታለም በጊዜ ገባች። ፀጉሯ በአቧራ አመድ መስሏል። አልጋዋ ላይ በነጫማዋ ተቀመጠች። እማዬ ሳፋ አምጥታ ራሷን አጠበቻት፤ ውሃው እንደ ኖራ ነጥቶ ወረደ። ደግማ አጠበቻት። እታለም እንደ ሕፃን አንገቷን ደፋች።

ጠጋ ብዬ «አይዞሽ፣ ለሚቀጥለው ታልፊያለሽ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከማን አፍ እንደወጣ የጠፋት ይመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ለብቻዬ ገጣጠምኩት። የጎረቤታችን የጫማ ሰፊው ልጅ ፈተና የወደቀች ዓመት ምን እንደሆነ አይቻለሁ። ወደቀች፣ አለቀሰች፣ ቤት ዋለች፤ ከዚያ ጫማቸውን የወለወሉ ሽማግሌዎች መጡ፤ ከዚያ ዳስ ተጣለ። እኔም ኬክ በላሁ። እታለምም ወድቃለች፣ አልቅሳለች፣ ቤት ውላለች። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ተንኳኩቶ፣ ጫማቸው የሚያበራ ሦስት ሰዎች ደጃችን ላይ ሲቆሙ እኔ አልገረመኝም።

ትልቁ ኢንጂነር ናቸው። አንድ ባለ ከዘራ ሽማግሌ አብረዋቸው አሉ፤ ሌላው ደግሞ ጥቁር ቦርሳ የያዘ ሰው ነው። ትልቁ ኢንጂነር ሲመጡ እኔን ሳይስሙ፣ ከረሜላ ሳይሰጡ አያልፉም ነበር። ያን ቀን አላዩኝም። «ለልጃቸው እህቴን ሊጠይቁ ስለመጡ አፍረው ነው» አልኩ በሆዴ። ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ጆሮዬን ጣልኩ።

«ልጄ እህል ከቀመሰ ቆየ» አሉ ትልቁ ኢንጂነር፤ ድምፃቸው ተሰባብሯል። «እንቅልፍ የለው፣ ምን የለው። ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይ ይውላል። መዳኛው ያለው እሷ እጅ ነው።»

«ልጅቷ እሺ ትበል እንጂ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው» አሉ ባለ ከዘራው።

ባለ ቦርሳው ቀጠለ፦ «እሷን ምንም አያገኛትም። ለጋ ናት፣ ተማሪ ናት፣ ማንም አይጨክንባትም። ቃሏን ብቻ ትስጥ። ከዚያ ወዲያ ቢሮው ቢሮዋ ነው።»

አባዬ «አስበንበት እንነግራችኋለን» አላቸው። የሴት ልጅ አባት የሚለውን አለ ማለት ነው። ደስታዬ ልክ አጣ።

ባለ ቦርሳው ጠበቃ ነበር። «ቃል» ያለውም የምስክርነት ቃል ነው። የዚያ ባለ አንድ ፎቅ ቤት የላይኛው ወለል ተንዶ ሰው ገድሎ ነበርና፣ «ሥዕሉን ማንም ሳያየኝ በራሴ የለወጥኩት እኔ ነኝ» እንድትልላቸው ነበር የመጡት። ይህን ግን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ የማስበው ቀሚሴ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚሆን ነበር። እማዬ በዚያ ሳምንት ነጭ ጨርቅ መኪናዋ ላይ ዘርግታ ነበር፤ የአንዲት ደንበኛዋ መጋረጃ መሆኑን ማን ነገረኝ?

በማግስቱ ግን ነገሩ ተወሳሰበብኝ። እማዬ እየሰፋች፣ አባዬ በሩ መቃን ላይ ተደግፎ፣ ቀስ ብለው ይነጋገራሉ።

«የልጆቹስ ነገር?» አለች እማዬ። «እናታቸውን ከቀበሩ አፈሩ ገና አልደረቀም። ማን ያሳድጋቸው?»

«እሱ አልጥላቸውም ብሏል።»

«እና የኔ ልጅ ትሸከመው?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? አብሮ አደጌ ነው። ባላምነው ኖሮ ልጄን እጁ ላይ አስቀምጥ ነበር? ወረቀቱን ሳላየው ነው ያለፈኝ ብሎ ማለልኝ። እምቢ ካለች መጋዘኑም፣ ጓደኝነቱም፣ እኛም አለቀልን።»

የመኪናው መርፌ ቆመ። «እሷስ? ነገ ማን አርክቴክት ይላታል?»

አባዬ ከመቃኑ ተነስቶ ወጣ። እኔ ከመኪናው ስር ደርቄ ቀረሁ። ትንሹ ኢንጂነር ሚስት ሞታበት ልጆች አሉት ማለት ነው! እህቴ የእንጀራ እናት ልትሆን ነው! ያን ሁሉ ቀን የምታለቅሰው ለካ ለዚህ ነው። አዘንኩላት። ነገሩንም አወጣሁ አወረድኩና የስምንት ዓመት ሽማግሌ ሆኜ ክፍላችን ገባሁ። እታለም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

«እታለም፣ እሺ በያቸው።»

ዞረች። «ምን አልሽ?»

«እሺ በያቸው። አባዬ ደስ ይለዋል። ልጆቹንም እኔ አጫውትልሻለሁ።»

«የትኞቹን ልጆች?»

«እናታቸው የሞተችባቸውን።»

ብርድ ልብሱን አፏ ላይ ጫነችው። ቆይታ፣ «አንቺም አወቅሽ፣ ቁንጫ?» አለችኝ። እንደዚያ ነበር የምትጠራኝ።

«አዎ» አልኳት፤ አዋቂዎች መሀል በመቆጠሬ ትንሽ ኮራ ብዬ።

«እና እሺ ልበል?»

«ሁሉም ሰው እሱን እኮ ነው የሚጠብቀው።»

መልሳ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዓመታት በኋላ እንደነገረችኝ፣ እሺ ለማለት የቆረጠችው ያኔ ነው። በዚህ ቤት የቀረሁት እምቢ ባይ እኔ ብቻ ነኝ ብላ።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ትንሹ ኢንጂነርም ነበረ። ጉንጩ ገብቶ፣ ኮቱ ትከሻው ላይ እንደ መስቀያ ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ ማንም ሳያዘኝ ምርጡን ቀሚሴን ለብሻለሁ። እማዬ በትሪ ውሃ አስያዘችኝ፤ እየዞርኩ ሰጠሁ። ትንሹ ኢንጂነር ብርጭቆውን ሲያነሳ የውሃው ግማሽ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። «እንዴት ቢወዳት ነው!» አልኩ በሆዴ።

እታለም ገባች። አልተቀመጠችም። እጆቿን ከኋላዋ አድርጋ፣ ዳኞች ፊት እንደምትቆመው ቆመች።

«ጋሼ» አለች ትልቁን ኢንጂነር፣ «አስቤበታለሁ።»

ባለ ቦርሳው ብዕሩን አወጣ። አባዬ ወለሉን ያያል። ክፍሉ ጸጥ ሲል አሁን ነው ጊዜው ብዬ፣ ትሪውን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠየቅሁ፦

«ሰርጉ መቼ ነው?»

ባለ ከዘራው ሳቁ፤ ብቻቸውን እንደሆኑ ሲያውቁ አቆሙ።

«የምን ሰርግ?» አለ አባዬ።

«የእታለምና የሱ» አልኩ፣ በጣቴ እያሳየሁ። ትንሹ ኢንጂነር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

እህቴ አየችኝ። ቀሚሴን፣ በራሴ እጅ የቋጠርኩትን ሪባን አየች። ከዚያ መጣችና ፊት ለፊቴ ተንበረከከች፤ ዓይኖቻችን እኩል ሆኑ።

«ቁንጫዬ፣ ሰርግ መስሎሽ ነው? ሰርግ የለም። ሰው ሞቶብን ነው።»

«ማን?»

«በሕፃን ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይወራም» አሉ ትልቁ ኢንጂነር።

«ለማን ላውራው ታዲያ፣ ጋሼ? አዋቂው ሁሉ ሌላ ነገር በይ እያለኝ ነው» አለች ሳትዞር። ከዚያ ለኔ፣ ቀስ ብላ፣ ተረት እንደምታነብልኝ ነገረችኝ። «ያ የምንሠራው ቤት ጥጉ ላይ ምሰሶ ነበረው። ከላይ ያለውን ወለል የሚሸከም። እኔ ከሥዕሉ ላይ አወጣሁት።»

«ለምን አወጣሽው?»

«የሱቁን በር ይዘጋል ተብዬ።»

«ማን አለሽ?»

ዓይኗን ወደ ትንሹ ኢንጂነር አነሳች። «እሱ።»

«እንደሚወድቅ አላወቅሽም?»

ያ ጥያቄ አስቸገራት። ባለ ቦርሳው «በቃ፣ ይበቃል» አለ፤ እሷ ግን የምትሰማው እኔን ብቻ ነበር። «ጠርጥሬ ነበር። ስሌቱስ ብዬ ጠየቅሁት። ‹እሱን እኔ አየዋለሁ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ሳይ› አለኝ። ዝም ብዬ ሳልኩ። ጋሼም ማህተም አደረጉበት። ከዚያ የእንጨት ድጋፉ ሲነሳ ወለሉ ወረደ። ላዩ ላይ ባለባልዲዋ ነበረች።»

ትሪው ከእጄ ወደቀ። በሕይወቴ ለማላውቃት ሴት እንዲያ አልቅሼ አላውቅም። እታለም አቅፋኝ፣ ፊቷን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ «እኔ የሳልኩትን ሳልኩ እላለሁ፣ ጋሼ። ያዘዘኝንም አዘዘኝ እላለሁ። ከዚህ ሌላ ቃል የለኝም» አለች።

ትንሹ ኢንጂነር ተነስቶ ወጣ። ደጃፉ ላይ ሲያስመልሰው ሰማነው። ልቡ የተነካ መስሎን ነበር፤ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ግን እንዲህ ያለ ነገር አላዘዝኩም ብሎ ካደ።

እንግዶቹ ሄደው ብርጭቆው ሳይነሳ፣ አባዬ እህቴን «ቤቴን አፈረስሽው» አላት። ለረጅም ጊዜ ያናገራት የመጨረሻ ቃል ይህ ሆነ። በማግስቱ የመጋዘኑን ቁልፍ ወስዶ አስረከበ፤ ማንም ውጣ ሳይለው። ከዚያ ወዲያ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ የማይፈለግ ሚስማር ሁሉ ያቃናል። እታለም ሻይ ስታቀርብለት ይቀበላታል፤ ቀና ብሎ አያያትም። አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው ጨው ሲፈልግ በኔ በኩል ያስጠይቃታል።

ቢሮው ፈቃዱን ተነጠቀ። ማህተሙ የትልቁ ኢንጂነር ነበርና አባትና ልጅ ሁለቱም ተፈረደባቸው። ዩኒቨርሲቲውም እህቴን ጠርቶ፣ እየጠረጠርሽ መሳል አልነበረብሽም ብሎ ለአንድ ዓመት አገዳት። አልተከራከረችም። ዓመቱን ሙሉ እማዬ ዘንድ ቁልፍ ስትተክል፣ ጠርዝ ስትቀመቅም ከረመች። ወደ ባለባልዲዋ ቤትም ሄዳ ነበር፣ እኔን አስከትላ። አሮጊት እናቷ አስገቡን፣ ወንበርም ሰጡን። የሟቿ ትልቋ ልጅ ግን እታለምን ለረጅም ጊዜ ስታያት ቆይታ «ውጪልን» አለች። ወጣን። መንገዱን ሁሉ እጄን ጨምቃ ይዛኝ ነበር፤ አመመኝ፤ ግን አልነገርኳትም።

ዛሬ እታለም አርክቴክት ናት። ትንሽ ቢሮ አላት፤ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ነው የምትነድፈው። ለልምምድ የሚመጡት ተማሪዎች ያማርራሉ አሉ፤ አንዱ «ይኼ ለምን እንዲህ ሆነ?» ካለ፣ መልሱ እስኪገኝ እርሳሷን አስቀምጣ ሥራውን ሁሉ ታቆማለችና። እንቅልፍ ግን እስከ ዛሬም ችግሯ ነው። እንግዳ ቤት ስትገባ አስቀድማ ጣሪያውን ታያለች፤ አይታም ያላለቀላት ይመስል ቆይታ ነው የምትቀመጠው።

ያኔ፣ የእገዳ ዓመቷ አልቆ ወደ ትምህርቷ ልትመለስ አንድ ሳምንት ሲቀራት ነበር አባዬ ክፍላችን የገባው። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ደፉን ረግጦ አያውቅም። እኔ አልጋዬ ላይ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፤ እታለም ጠረጴዛዋን አቧራ ታራግፋለች። ቆሞ ቆየና፣

«እስቲ አሳዪኝ» አላት።

«ምኑን አባዬ?»

«ያን ነገር። እኔ የማውቀው መጋዘን ነው። ምሰሶው የቱ ጋ ነበር?»

እታለም እርሳስ አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ከመሳቢያዋ አራት የክብሪት ቀፎ አወጣችና በቁማቸው አቆመቻቸው። ላያቸው ላይ ሰፊ ካርቶን አጋደመች፤ አንዱ ጫፍ ወደ ውጭ ብዙ ይወጣል። «ይኼ የላይኛው ወለል ነው» አለች። «ይኼ ደግሞ የጥጉ ምሰሶ።» ጥግ ያለውን ቀፎ ቀስ አድርጋ ሳበችው። ካርቶኑ ትንሽ ዘመመ፤ ቆመ። በአንድ ጣቷ ጥጉን ነካ አደረገችው። ተንሸራቶ ወደቀ።

አባዬ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ። ቀፎዎቹን ራሱ አቆማቸው፤ ጣቶቹ ወፋፍራም ስለሆኑ ሁለት ጊዜ ወደቁበት። ካርቶኑን ጫነ፣ ጥግ ያለውን ሳበ፣ ነካው። ወደቀ። እንደገና አቆመው። ወደቀ።

«ይኼንን እኔም አይቼ እለየዋለሁ» አለ።

እታለም የወደቁትን ቀፎዎች ሰበሰበች።

«ኢንጂነር አይደለሁም። ግን እለየዋለሁ።» ካርቶኑን ይዞ እኔ አጠገብ አልጋው ላይ ተቀመጠ። «እሱ እኮ ማለልኝ። ሳላየው ነው ያለፈኝ ብሎ፣ ልጄን ይንሳኝ ብሎ ማለልኝ። እኔም እሱን አምኜ አንቺን…»

ሲያለቅስ አይቼው ስለማላውቅ መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ነበር። እታለም ወለሉ ላይ፣ እግሩ ስር ተቀመጠችና ጉልበቱን ያዘች። እጁን ራሷ ላይ አደረገው። የቤት ሥራዬ ደብተር አባዬ ስር ሆኖ ሲጨማደድ አየሁት፤ አልጎተትኩትም።